በአንድ እጅ የተጻፉ አሥራ ስምንት ቅጾች

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ሰው አልሞተበትም፤ ጋዜጣም ላይ አልወጣም። ጉለሌ ውስጥ ባለ አንድ የጭነት መኪና ግቢ አሥራ ስምንት መኪናዎች ለሁለት ቀን ቆሙ፤ በሦስተኛው ቀን ወጡ። ነገሩ ይኸው ነው። በዚያ ዘመን ከዚህ እጅግ የከፋ ያዩ ሰዎች በየቤቱ አሉ፤ እነሱ ዝም ብለው እኔ ይህን ማውራቴ አንዳንዴ ያሳፍረኛል።

ነገር ግን አሁን የማታው ክፍል የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የድርሰት መምህራችን "የምታውቁትን ሥራ ጻፉ፤ የማታውቁትን አታሳምሩ" ብለውናል። እኔ የማውቀው ሥራ ሾፌርነት ነው። አሥራ አራት ዓመት ነድቼ ወገቤ ስለተጎዳ ሐኪም ከመሪው ላይ አወረደኝ። ክፍል ውስጥ የምቀመጠው ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉ ተማሪዎች ጋር ነው፤ ማስታወሻ በመያዝ ግን አልታማም። እጅ ጽሑፌ ከትንሽነቴ ጀምሮ የተመሰገነ ነው። ይህንን የምናገረው ለመኩራራት አይደለም፤ የዚህ ታሪክ ጥፋት የመጣው ከዚሁ እጅ ጽሑፍ ስለሆነ ነው።

ድርጅቱ ውስጥ የተቀጠርኩት በ1969 ዓ.ም. ነው። ግቢው ከአዲሱ ገበያ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ባለ ተሳቢ መኪናዎቹ በረድፍ ይቆማሉ፤ ከበሩ ውጭ አንድ ጎሚስታ በቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ ጎማ ይለጥፋል። መጀመሪያ ሁለት ዓመት ከተማ ውስጥ ሲሚንቶና አሸዋ አመላለስኩ። የዚያን ጊዜው አለቃችን ሲናገሩ የሚጮኹ ሰው ነበሩ፤ ግን የእያንዳንዱን መኪና ጠባይ ያውቁ ነበር። ሲጮኹም "ያቺን ካምቢዮዋ የሚያቃስተውን እንዴት ጫንካት?" ብለው ነው። ደመወዙ ቤት ያስተዳድራል፤ ከዚያ በላይ ስለ እሱ የምለው የለኝም።

በሦስተኛው ዓመት ወደ ጎጃም መስመር ተዛወርኩ። በእንጦጦ ዳገት ወጥተን፣ በሱሉልታ አድርገን፣ ጎሐ ጽዮን ላይ አፉን ከከፈተው ገደል ጫፍ ደርሰን ወደ ዓባይ እንወርዳለን። ስንሄድ ማዳበሪያ፣ ስንመለስ እህል ነው። ለዚህ መስመር አዲስ የሆነ ሾፌር ስምንት ወር ከነባር ሾፌር ጎን ይቀመጣል። እኔ የደረሰኝ ከጋሽ ማሞ ጎን ነው።

ጋሽ ማሞ ሽሮ ሜዳ ተወልደው ያደጉ የሸማኔ ልጅ ነበሩ። አጭር፣ ደረቅ ያሉ፣ ከአፋቸው ብዙ ነገር የማይወጣ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ዳገት ላይ ማርሽ ስቀይር መኪናዋን ስላንገጫገጭኩባቸው እንዲህ አሉኝ፦

"እኔ ፍሪሲዮን መርገጥ የለመድኩት መኪና ላይ ይመስልሃል? አባቴ የሽመና ጉድጓድ ውስጥ ነው። እግርህ ከቸኮለ ክሩ ይበጠሳል። እሷም ክር ናት።"

መኪናን ሁልጊዜ "እሷ" ነው የሚሉት። የማይለወጥ ልማድም ነበራቸው። በቆምንበት ሁሉ፣ ሻይ ቀርቦ ቢቀዘቅዝ እንኳ፣ መኪናዋን ሳይዞሩ አይቀመጡም። በአጭር ዱላ ጎማዎቹን አንድ በአንድ መታ መታ አድርገው ድምፁን ይሰማሉ። ከዚያ የእጃቸውን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ያስጠጋሉ።

"በመዳፍህ ከነካህ ትቃጠላለህ" ይሉኝ ነበር። "በእጅህ ጀርባ አስጠጋና ስማት። አንዷ ከሌሎቹ በላይ ከጋለች ፍሬኗ አልለቅ ብሏል ማለት ነው። ከቁልቁለት በኋላ ደግሞ አንዷ ከቀዘቀዘች ፍሬኗ አልያዘም። የጋለችዋን ሁሉም ሰው ያያታል። አንተ የቀዘቀዘችዋን ፈልግ።"

ዓባይ ድልድይ ላይ ቆመን ስድስት ቸርኬ በእጄ ጀርባ ስለካ እሳቸው ከኋላዬ ሆነው ይጠብቃሉ፤ "የትኛዋ ናት?" ብለው ይጠይቁኛል። ከተሳሳትኩ እንደገና ያስዞሩኛል። እኔም ደስ እንዲላቸው ብዬ ስዞር ስዞር ሥራውን ተማርኩ።

የማይችሉት አንድ ነገር ቢኖር መጻፍና ማንበብ ነው። የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት ግን ነበራቸው። "ምን ይላል ጋሽዬ?" ሲባሉ "ማንበብ ይችላል ይላል አሉ፤ እኔ አላነበብኩትም" ይላሉ። ስማቸውን ብቻ ቀስ ብለው፣ አንዷን ፊደል ከአንዷ አርቀው ይፈርማሉ።

በ1974 ዓ.ም. የሚጮኹት አለቃ ተዛውረው በምትካቸው ጓድ አለማየሁ መጡ። ድምፃቸው ለስላሳ ነው፤ ሰው አይሰድቡም። ወረቀት ይወዳሉ። ማስታወቂያ ሰሌዳ አሠሩ፤ የሚለጠፈውን ሁሉ እኔ እንድጽፍ አደረጉኝ። "ጓድ ታምሩ፣ እጅህ ማተሚያ ቤት ነው" ይሉኛል። ደስ ይለኝ ነበር፤ አልክድም። ከጉዞ ስመለስ ገና ሳልታጠብ ቢሯቸው ገብቼ "የሚጻፍ አለ?" እላለሁ።

በጥቅምት 1975 ዓ.ም. የሚጻፍ ነበረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጉዞ አበል የሚከፈለው ጎማ ለዞረበት ቀን ብቻ ነው የሚል ማስታወቂያ ነበር። ጽፌ በአራት ማዕዘን መስመር አሳምሬ ለጠፍኩት።

ይህ ለማያውቅ ሰው ትንሽ ነገር ይመስላል። ደብረ ማርቆስ እህል ለመጫን መጋዘን በር ላይ ተራ እንጠብቃለን። አንዳንዴ ሦስት ቀን፣ አንዳንዴ አሥር ቀን። ጋቢና ውስጥ እየተኛን፣ ከሻይ ቤት እየበላን። ጎማው አይዞርም፤ እኛ ግን እንበላለን፤ ቤታችንም ይበላል።

በማግስቱ ሾፌሮቹ ጎሚስታው ጋ ተሰበሰብን። ጎማ የምናስለጥፍ መስለን ነው። የሠራተኛ ማኅበሩ ቢሮ ያልሄድነው የተናገርነው ነገር ከእኛ ቀድሞ ከጓድ አለማየሁ ጠረጴዛ ስለሚደርስ ነው። መርሻ የሚባል ጓደኛዬ፣ ትልቅ ሰውነት ያለው ቀልደኛ ሰው፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ጀመረ።

"እስቲ ታምሩ፣ ያን ቆንጆ ማስታወቂያ የጻፍከው አንተ ነህና አስረዳኝ። መጋዘን በር ላይ አሥር ቀን ስቆም ሆዴን 'አንተም ቁም፣ ጎማው አልዞረም' ልበለው?"

ሰው ሳቀ። እኔ ሳልስቅ "ታዝዤ ነው" አልኩ።

"ገባኝ፤ አራት ማዕዘኑንም ታዘህ ነው።" ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። "በቃ፣ ነገ ጠዋት ቁልፍ እንወርውርላቸው። ማንም አይነሳ።"

ብዙዎቹ "ልክ ነው!" አሉ። ሥራ ማቆም በዚያ ዘመን አሻጥር ነው የሚባለው። በአሻጥር የተጠረጠረ ሰው ምን እንደሚገጥመው እዚያ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። ጋሽ ማሞ በዱላቸው መሬቱን እየጫሩ ቆዩና ጠየቁ።

"ማነው መጀመሪያ የወረወረው ሲባልስ?"

"ሁላችንም!" አለ መርሻ።

"ሁላችንም የሚባል ሰው ታስሮ አላየሁም። የሚታሰረው ስም ያለው ነው።"

ከዚያ ጋሽ ማሞ ሐሳባቸውን ነገሩን። ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት የምንሞላው የምርመራ ቅጽ አለ። ጉድለት የተጻፈበት መኪና ሳይጠገን አይወጣም ይላል ደንቡ። ማንም አይሞላውም፤ ፈርመን ብቻ ነው የምንሄደው፤ መለዋወጫ ስለሌለ ጉድለት መጻፍ ሥራ ማጓተት ነውና።

"እንሙላው" አሉ ጋሽ ማሞ። "እኛ አንቆምም። ቁልፉ እጃችን ላይ ነው፤ ልብሳችንን ለብሰን በጠዋት እንገኛለን። የሚቆሙት መኪናዎቹ ናቸው። አንዲት ውሸት አያስፈልግም፤ እያንዳንዷ የራሷ ሕመም አለባት። መኪናዎቹ ሲቆሙ 'ምን ሆናችሁ?' ብለው ይጠሩናል፤ ያን ጊዜ ስለ አበሉም እንነጋገራለን።"

ጥሩ ሐሳብ ነበር። ችግሩ ከአሥራ ስምንታችን አብዛኛው ሰው መጻፍ አይቀናውም። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ጋሽ ማሞ ክንዴን ይዘው ለብቻዬ ወሰዱኝ።

"ጻፍላቸው። ግን መጀመሪያ ሂድና ሥሯ ግባ። ሳታያት እንዳትጽፍ።"

"እሺ ጋሽዬ" አልኩ።

ያን ከሰዓት አራት መኪና አየሁ። እውነቱን ለመናገር አራት ብቻ ነው። የመጀመሪያዋ የፍሬን ሸራዋ፣ ጎማውን ይዞ የሚያቆመው፣ አልቆ ነበርና በቅጹ ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ "የፍሬኑ ሸራ ስላለቀ መኪናው በዓባይ ቁልቁለት ቢወርድ የሰው ሕይወትንና የሕዝብ ንብረትን ለአደጋ ያጋልጣል።" መርሻ ነጥቆኝ ጮክ ብሎ አነበበው። ጎሚስታው ሳይቀር መዶሻውን አስቀምጦ ሰማ።

"እንዴ! ይቺንማ ለእኔም ጻፍልኝ!" አለ መርሻ።

"የአንተ ሕመም ባሌስትራው ነው። የፊት ግራው ተሰንጥቋል ስትል አልነበር?"

"ጭነት የሚሸከም ብረት ማንን ያስፈራል? ፍሬን ነው የሚያስደነግጠው። ጻፍ ወንድሜ።"

ጻፍኩለት። ከእሱ ኋላ ያለውም "ያቺኑ" አለኝ። የሚቀጥለውም "ያቺኑ"። ሰዎቹ ቆመው እየጠበቁ ነው፤ እኔም እምቢ ማለት አልለመድኩም። ደግሞ ዐረፍተ ነገሩ አምሮልኝ ነበር። በአንድ ሰማያዊ ቀለም፣ መስመር ሳላዛንፍ፣ አሥራ ስምንቱንም ጨረስኩ። ጋሽ ማሞ የራሳቸውን ሲቀበሉ "አየሃቸው?" አሉኝ። "አይቻለሁ" አልኳቸው። ማንበብ ስለማይችሉ ፈረሙ።

በማግስቱ ጠዋት ቅጾቹ ገቡ። መኪና አልወጣም። ቀኑን ሙሉ ቁልፋችንን ይዘን ግቢው ውስጥ ተቀመጥን፤ የስምሪት ሠራተኛው ቅጾቹን ይዞ ይገባል ይወጣል። ሁለተኛውም ቀን እንደዚያው ሆነ። ከሰዓት ላይ ጓድ አለማየሁ ከማናውቃቸው ሁለት ሰዎች ጋር መጡና ሁላችንንም አዳራሽ ጠሩን። አሥራ ስምንቱ ቅጾች ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተደርድረዋል። እንደዚያ ተደርድረው ሳያቸው ገና ማንም ሳይናገር ገባኝ። አንድ ገጽ አሥራ ስምንት ጊዜ የታተመ ነው የሚመስሉት።

"አሥራ ስምንት መኪና በአንድ ቀን አንድ ዓይነት በሽታ ያዛቸው" አሉ ጓድ አለማየሁ በለስላሳ ድምፃቸው። "ዋናው መካኒክ ሦስቱን ፈትቶ አይቷል። ሁለቱ ላይ ሸራው ደህና ነው። የጓድ መርሻ ሸራ እንዲያውም ባለፈው ወር የተቀየረ አዲስ ነው።"

መርሻ ጫማውን ያያል። ጓድ አለማየሁ እኔን አላዩኝም። ማየት አላስፈለጋቸውም፤ ሰሌዳው ላይ ያለው ጽሑፍ የማን እንደሆነ ግቢው ሁሉ ያውቃል።

"ጸሐፊውን አልጠይቅም" አሉ። "ያሰበውን ነው የምፈልገው።"

በዚያች ሰዓት መናገር የነበረብኝ ቀላል ነገር ነው። ሸራ የሚለው የእኔ ፈጠራ ነው፣ ሰዎቹ ያሉት ሌላ ነው፣ ሳላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሦስት ዐረፍተ ነገር። አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣም። ጋሽ ማሞ ተነሡ።

"የእኔ ሐሳብ ነው" አሉ።

ከዚያ የሆነውን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን መምህራችን አታሳምሩ ብለዋል። ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው አስፈለገ። ጓድ አለማየሁ ወረቀትና እስክሪፕቶ ወደ እኔ ገፉ። "ጓድ ታምሩ፣ ንጹሕ አድርገህ ጻፈው" አሉኝ። ተቀመጥኩና ጻፍኩ። ጋሽ ማሞ በፊቴ ቆመዋል።

"ጻፍ ልጄ" አሉኝ። "ቃሌን ግን እንዳትለውጥ። ቅጹ ላይ ያለውን አላውቀውም፤ ማንበብ አልችልም። መኪናዎቹን ግን አውቃቸዋለሁ። ሠላሳ አንድ ቁጥር ራዲያተሯ ያንጠባጥባል። አርባ ሰባት ቁጥር፣ የመርሻ፣ የፊት ግራ ባሌስትራዋ ተሰንጥቋል፤ ቁልቁለት ላይ ይበጠሳል። አምሳ ሁለት ቁጥር መሪዋ ላልቷል…"

አሥራ ስምንቱንም በሰሌዳ ቁጥራቸው፣ አንድም ሳያስቀሩ፣ ቀስ ብለው አስጻፉኝ። ከማናውቃቸው ሰዎች አንዱ "ይበቃል" ሲል ጓድ አለማየሁ "ይጻፍ፤ የእምነት ቃሉ ነው" አሉ። አንድ ገጽ ተኩል ሞላ። ጋሽ ማሞ ፊደሎቻቸውን አራርቀው ፈረሙና ከሰዎቹ ጋር ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት መኪናዎቹ ሁሉ፣ ማንም ምንም ሳይጠግናቸው፣ ወጡ። አበሉም በነበረበት ቀረ።

ጋሽ ማሞን ሦስት ሳምንት ያዟቸው። ሲለቋቸው መንጃ ፈቃዳቸው ተወስዶ የግቢው በር ጠባቂ ሆነው ተመደቡ። ዱላ ተሰጣቸው። መኪና ሊወጣ በር ላይ ሲቆም በዚያች ዱላ ጎማውን መታ መታ ያደርጋሉ፤ "የኋላ ቀኝህ አየር ጎድሎታል" ብለው ሰንሰለቱን ያወርዳሉ። ለእኔም እንደዚያው። "ግባ"፣ "ውጣ"፣ "አየር ጎድሎሃል"። ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልተናገሩኝም። ጎማዬን መትተው ዝም ሲሉ ምናለ በሰደቡኝ እል ነበር። ጓድ አለማየሁ የሚጻፍ አለ ብለው ሲጠሩኝም "እጄን ያመኛል" ማለት ጀመርኩ። ለትልቅ ሰው እምቢ ስል የመጀመሪያዬ ነበር፤ እሱንም በውሸት ነው።

በዚያው ዓመት በየካቲት መርሻ ማዳበሪያ ጭኖ ከጎሐ ጽዮን ሲወርድ የፊት ግራ ባሌስትራው ተበጠሰ። መኪናዋ ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው ስለሳበችው ተረፈ። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሆስፒታል ሄጄ አልጋው ጫፍ ላይ ቆምኩ።

"አየህ ታምሩ" አለኝ፣ እግሩ ወደ ላይ እንደተሰቀለ። "ፍሬኑ ግን በጣም ጥሩ ነው። ሸራው አዲስ ነው።"

ሳቀ፤ ወዲያው አመመውና ተወው። ከዚያ "ያቺን ጻፍልኝ ያልኩህ እኔ ነኝ" አለ።

"የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ" አልኩት።

ከሳምንት በኋላ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሁለት ቴክኒሻኖች አደጋውን ሊመረምሩ መጡ። ሾፌሩ ፍጥነት አብዝቶ ነው የሚል ረቂቅ ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው። ሾፌሮችን አንድ በአንድ ሲያነጋግሩ ተራዬ ደረሰ። ጓድ አለማየሁ አጠገባቸው ተቀምጠዋል።

"የአርባ ሰባት ቁጥር ባሌስትራ ከአራት ወር በፊት ተነግሯል" አልኩ። "በጥቅምቱ ቃለ ጉባኤ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አለ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ የቀረቡትን ቅጾች ሳላይ በአንድ ቃል የሞላሁትም እኔ ነኝ። ጋሽ ማሞ እያንዳንዷን አይተህ ጻፍ ብለውኝ ነበር።"

ጓድ አለማየሁ ያን ጊዜ አዩኝ። ከቴክኒሻኖቹ ሽማግሌው ግን "ቃለ ጉባኤው ይምጣ" አለ።

መጣ። ዝርዝሩን ይዘው ግቢ ወጡ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ከመኪና ሥር ከመኪና ሥር ሲገቡ ዋሉ። ጋሽ ማሞ በር ላይ ቆመው ያያሉ። አሥራ አራቱ መኪናዎች ልክ እንደተባለው ሆነው ተገኙ፤ ሦስቱ በመካከሉ ተጠግነዋል፤ አሥራ ስምንተኛዋ የመርሻዋ ናት።

ለእኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ይገባኝ ነበር። የቀረው ግን ቶሎ አልሆነም። ወረቀቱ ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላው ከአንድ ዓመት በላይ ተጓዘ። ጓድ አለማየሁ በመካከሉ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ። በመጨረሻ ሁለት ደብዳቤ በአንድ ቀን መጣ። አንዱ ለቆመበት ቀንም ግማሽ አበል ይከፈላል ይላል፤ ሁለተኛው የጋሽ ማሞን መንጃ ፈቃድ ይመልሳል። ማስታወቂያውን ጽሕፈት መኪና ጻፈችው። መርሻ እያነከሰ ሰሌዳው ጋ ደርሶ አነበበና "ግማሽ! ሆዴን ግማሹን ቁም ልበለው እንግዲህ" አለ።

በማግስቱ ጋሽ ማሞ ለመጀመሪያ ጉዟቸው ሲዘጋጁ አብሬያቸው እንድሄድ ተመደብኩ። ዱላዋን ከጥበቃ ቤቱ ይዘዋት መጥተዋል። የዚያኔ ነው የደፈርኩት።

"ጋሽዬ፣ ያን ቀን ለምን ዝም አልክ ብለው አንድ ቀን እንኳ ያልጠየቁኝ ለምንድን ነው?"

ጎማውን መትተው ድምፁን እስኪጨርስ ሰሙት።

"ብትናገር ኖሮ ሁለታችንም በር ጠባቂ እንሆን ነበር" አሉ። "ዱላው ደግሞ አንድ ነው።" ከዚያ ቅጹን ሰጡኝ። "ሥሯ ግባ።"

ገባሁ። በጀርባዬ ተኝቼ ከፊት እስከ ኋላ አየኋት። ወጥቼ፣ የኋላ ግራ ባሌስትራ ብሎን ላልቷል ብዬ ጻፍኩና ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ብሎኑ ተጠበቀ። ጋሽ ማሞ ፊደሎቻቸውን አራርቀው ፈረሙ። ከፊርማቸው ጎን ቀን በሚለው ባዶ ቦታ ላይ እኔ ሞላሁ፦ ሰኔ 11 ቀን 1976 ዓ.ም.።